ከእባጯ ጋር የተመዘነች ሴት

ማሽላ ፍሬ በያዘ ቁጥር፣ ከዞብል ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ቆቦ ዳርቻ በተንጣለለው ሜዳ ላይ የኡሙሃኒን ድምፅ ሳይሰማ የሚውል ገበሬ አልነበረም። ማማዋ ላይ ወጥታ ወንጭፏን እያሽከረከረች ግሪሳውን የምታባርረው በድንጋይ ብቻ ሳይሆን በስድብም ነበር። «አንተ ምን ቤት ነህ? አርሰሃል? አርመሃል? ወይስ አባቴ ለአንተ ድሮኛል?» ትለዋለች። ጎረቤቷ ዘነበች ከወዲያኛው ማማ ሆና፣ «ኧረ ኡሙ፣ ወፉ መልስ ቢሰጥሽ ምን ይውጥሽ ነበር?» ስትላት፣ «መልስ ቢኖረውማ መቼ ይሰርቅ ነበር!» ብላ ሌላ ድንጋይ ትሰዳለች።

ቁጣዋ የተፈጥሮዋ ብቻ አልነበረም፤ ኑሮም ያስተማራት ነበር። ባሏን ወባ ነጥቋት መበለት በሆነች ማግሥት መሬት ላራሹ ታወጀ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ «ሴት አታርስም፤ የማያርስ ደግሞ አራሽ አይባልም» ብለው የባሏን ማሳ ለሌላ ሊሰጡ ሲመክሩ፣ ኡሙሃኒ ሞፈርና ቀንበሩን በትከሻዋ ተሸክማ ከስብሰባው መሃል ገባች። ዕቃውን ከሊቀመንበሩ እግር ሥር ጣለችና፣ «እንግዲያው ይህን የተሸከመው ትከሻ የማን እንደሆነ ንገሩኝ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ መሬቱ ግን በስሟ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚያርስላት ታናሽ ወንድሟ በድረዲን ነበር። በድረዲን ዝምተኛ ነው፤ ለእኅቱ ሲል እሳት ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን አንዴ ያመነውን ነገር ጥማድ በሬ ቢጎትተው እንኳ አይለቅም። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው።

እባጩ የጀመራት ረሃቡ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በግራ ጭኗ ላይ ነበር። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ አከለ፤ ቀጥሎ ሎሚ አከለ። አያማትም፣ አያሳክካትም። ኡሙሃኒም፣ «ካልነካኝ አልነካውም» ብላ ተወችው። ከሎሚ አልፎ ቅል ማከል ሲጀምር ግን በድረዲን በጎብዬ አካባቢ ወደሚኖር አንድ መድኃኒት አዋቂ ወሰዳት። ሰውዬው እባጩን በጣቶቹ ዳበሰና፣ «ነቀርሳ ነው» አለ። «ነቀርሳ ቅምጥል ነው፤ ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና ማር ይወዳል። እያበላችሁ አታሳድጉት። የሚበላው ካጣ ይደርቃል።»

ይህ ምክር ሌላ አገር ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። የራያ ገበሬ ግን አቀንጭራ የሚባል ጠላት አለው። አቀንጭራ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ፣ ማሽላው ለራሱ የሳበውን ምግብ እየጠጣ የሚያድግ አረም ነው፤ ሐምራዊ አበባውን ይዞ ብቅ ባለ ጊዜ ማሽላው ከመድረቅ አፋፍ ደርሷል። ገበሬው መላ ያጣለት እንደሆነ ማሳውን ለዓመት ለሁለት ዓመት ማሽላ ይከለክለውና ሰሊጥ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል። አቀንጭራው የሚጣበቅበት ሥር አጥቶ አፈር ውስጥ ያልቃል። በድረዲን የእኅቱን ማሳ ያዳነው በዚሁ መንገድ ነበር። ከጎብዬ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስል ቆይቶ፣ ወንዙን እንደተሻገሩ ቆመ።

«እቴ፣ ይኸው ነው እኮ! ነገሩ አቀንጭራ ነው። የሚበላውን ስንነሳው ያልቃል። ማሳሽንስ እንዲሁ አይደል ያዳንነው?»

«እኔ ማሳ ነኝ እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«እስኪደርቅልን ድረስ ነሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኡሙሃኒ ቅቤና ወተት ተከለከለች። የአረፋ በዓል ዕለት መንደሩ በሙሉ ሥጋ ሲበላ፣ በድረዲን የእሷን ድርሻ ለጎረቤት ሰጥቶ ከፊቷ የቀጠነ የማሽላ አጥሚት አኖረ፤ ራሱም ሥጋውን ሳይቀምስ አብሯት አጥሚት ጠጣ። ለግሪሳም ለሊቀመንበርም ያልተበገረችው ሴት ለወንድሟ ተበገረች፤ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበራትምና። አንዳንዴ ብቻ፣ ዘነበች የእርጎ ቅል ይዛ ስታልፍ ዓይኗ እየተከተለው፣ «ይህ እባጭ ከወንድሜ ጋር ተማክሮ ነው የመጣው» ትል ነበር።

ቀጥሎ ዝናቡ ቀረ። የበልጉ ቀረ፤ የክረምቱም ቀረ። ከዞብል እየወረደ ማሳውን ያጠጣ የነበረው ጎርፍ አቧራ ብቻ ሆነ። የ1977 ዓ.ም. መባቻ ላይ ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት የዋና ከተማው አደባባይ በቀይ ጨርቅ ሲሸፈን፣ የራያ ሜዳ የሚሸፈንበት ቅጠል እንኳ አልነበረውም። ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ መናገር ድግስ እንደ መረበሽ ተቆጠረ። ሰው የሚሞተው በሹክሹክታ ነበር። ድርቁን ያመጣው ሰው ነው ለማለት የሚደፍር አይኖር ይሆናል፤ ዝምታውን ያመጣው ግን ሰማይ አልነበረም።

በኡሙሃኒ ቤት ሁሉም ነገር ከሳ። በሬዎቹ ከስተው ሞቱ። በድረዲን ከስቶ ጉንጩ ተሰረጎደ። የእሷም ወንጭፍ ያሽከረክር የነበረው ክንድ አጥንቱ ቀረ፤ ጸጉሯ ሳሳ፤ ያ የሚያስተጋባው ድምፅ እንኳ ቀጠነ። በዚያ ቤት ውስጥ የወፈረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ጭኗ ላይ ያለው እባጭ ነው። ቆዳውን ወጥሮ ያብረቀርቃል። ስትራመድ ሌላ ሰው የተሸከመች ያህል ወደ ግራ ያዘነብላታል። በድረዲን በየማለዳው ሊደርቅ ይሆን እያለ ያየዋል፤ በየማለዳውም አድጎ ያገኘዋል። ኡሙሃኒ አንድ ቀን ምርኩዟን ወደ እባጩ ጠቁማ፣ «አንተ ልጅ፣ ንገረኝ» አለችው። «እኔ አልበላሁም፤ አንተ አልበላህም። ታዲያ ይህ ቀላዋጭ የማንን እራት እየበላ ነው?»

በዚያው ሳምንት ከዘነበች ጋር ሆነው ወደ ቆቦ ወረዱ፤ ዘነበች ታናሽ ልጇን አዝላ፣ ኡሙሃኒ ወንድሟንና ምርኩዟን ተደግፋ።

ከከተማው ዳር፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ የተተከለው የእርዳታ መጠለያ በድንኳንና በቆርቆሮ ዳስ የተሞላ ነበር። የታመመ ሰው የሚያየው ተሾመ የሚባል ወጣት የጤና መኮንን ነው። ተሾመ ሲናገር ዓይኑን ወደ መሬት የሚጥል፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የሚያሳፍረው ሰው ነበር። እባጩን ረጅም ጊዜ ሲመረምር ቆየና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጉለት ጠየቀ። በድረዲን በኩራት ማለት ይቻላል፣ «አስርበነዋል» አለ።

«ምን አደረጋችሁት?»

«አስርበነዋል። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም። በእኔ በኩል የቀረ ነገር የለም።»

ተሾመ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ስለዚህ ነገር የሚታወቀው ጥቂት ነው፤ እኔም ያነበብኩት ከጥቂቱ ጥቂቱን ነው» ብሎ ጀመረ። «ገላችን ሴል ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። እህል ሲጎድል ጤነኞቹ ሴሎች ይገባቸዋል፤ ጸጉር ማደጉን ይቀንሳል፣ የወር አበባ ይቀራል፣ ጡንቻ ራሱን እያቀለጠ ልብንና አንጎልን ያቆያል። ደህና ቤተሰብ በክፉ ቀን እንደሚያደርገው ነው፤ አንዱ ለሌላው ይተዋል። የካንሰር ሴሎች ግን ይህን አይሰሙም። በደም ውስጥ ያለችውን ስኳር ተሻምተው ይወስዳሉ። እህል ጭራሽ ሲቋረጥ ደግሞ፣ እናቴ፣ ገላዎ ለልብዎ ብሎ ካቀለጠው ጡንቻ ላይ ይካፈላሉ።»

«እርስ በርሳቸውስ ይተዛዘናሉ?» አለች ኡሙሃኒ።

«አይተዛዘኑም። እባጩ ውስጥም ረሃብ አለ። ከደም ሥር የራቁት መሃል ላይ ይሞታሉ። የሚተርፉት በጥቂት መኖር የሚችሉት፣ ከሞተው ጎረቤታቸው ፍርፋሪ እንኳ ለቅመው የሚያድሩት ናቸው። ረሃብ ባበጠራቸው ቁጥር የሚቀሩት የባሱት እንዳይሆኑ እፈራለሁ።»

ዘነበች ልጇን እያባበለች፣ «በማርያም፣ ስለ እኛ ሊቀመንበር ነው እኮ የሚናገረው!» አለች። ተሾመ ደንግጦ ወደ በሩ አየ። ኡሙሃኒ ብቻ ሳቀች።

በድረዲን ግን አልሳቀም። «ታዲያ ስናስርበው... »

«ስታስርቡት ቀድመው የተራቡት እሳቸው ናቸው።»

ኡሙሃኒ አንዴ ጭኗን፣ አንዴ የተሰረጎደውን የወንድሟን ጉንጭ ስታይ ቆየች። ቀስ እያለ ፊቷ ተለወጠ፤ ያ በማማው ላይ የሚታወቀው ቁጣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተመለሰ።

«በድሬ፣ ተሳስተናል» አለች። «ማሳው እኔ አይደለሁም። እኔ ማሽላው ነኝ! አቀንጭራው ሥሬ ላይ ተጣብቆ ሳለ ማሽላውን ብታስርበው አቀንጭራው ምን ተነካ? ደግሞስ አቀንጭራ የሚፈነጨው የት ነው? ፍግ የጠገበ ማሳ ላይ ነው? የደኸየ አፈር ላይ አይደለም? ይህን እንኳን አንተ፣ ያንተ በሬ ያውቀው ነበር!»

በድረዲን ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። «እኔ ነኝ የበላሁሽ» አለ ከጨርቁ ሥር።

«እባጩን ያመጣኸው አንተ አይደለህም» አለ ተሾመ በፍጥነት። «ብትበላም ይበቅል ነበር። አቅሟን ግን... አቅማቸውን ግን ረሃቡ ወስዶታል።»

«ሰማህ?» አለች ኡሙሃኒ፤ በምርኩዟም ጀርባውን ነካ አደረገችው። «አላመጣኸውም፤ ቀለብከው እንጂ። አሁን ተነስ። ለቅሶ የጠገበ ሰው ነገር ነው።»

ተሾመ ያለውን መንገድ ነገራቸው። ደሴ ሆስፒታል እባጩን ቆርጦ የሚያወጣ ሐኪም አለ። እግሯ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን አሁን ባለችበት አቅም ቢላዋ ቢያርፍባት ከጠረጴዛው ላይ አትነሳም። መጠለያው ውስጥ በየቀኑ ከሚመገቡት ጋር ገብታ፣ ለሳምንታት ሳታቋርጥ መብላት አለባት። «ሲበሉ እሱም ይበላል፤ አልዋሽዎትም» አለ። «እሽቅድምድም ነው። ካልበሉ ግን እሽቅድምድም እንኳ አይኖርም፤ እሱ ብቻውን ነው የሚሮጠው። ችግሩ፣ ወደ ምገባው ማን እንደሚገባ የምወስነው እኔ አይደለሁም።»

«እግሬስ ይሂድ» አለች ኡሙሃኒ። «ከእሱ ጋር ይህን ያህል ከተወዳጀ እሱም ከሃዲ ነው። የሚወስነውን ሰው አሳየኝ።»

የሚወስነው ጓድ አያሌው የሚባል የምልመላ ኃላፊ ነበር። ደረቱ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ጃንጥላ ተይዞለት ይቀመጣል። ሰው በሰልፍ እየመጣ ቁመቱ ይለካል፤ ሚዛን ላይ ይቆማል፤ ለቁመቱ ከተወሰነው ክብደት በታች የሆነው ወደ ምገባው ዳስ ይገባል፤ በላይ የሆነው ይመለሳል። እህሉ ለሁሉ እንደማይበቃ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሰልፉ ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ ያለውን ሲያይ በዓይኑ ይመዝነዋል፤ ይህኛው ከእኔ ይሻላል፣ ያችኛዋ ከእኔ ትብሳለች እያለ። ትናንት አንድ ወንዝ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አንዱ በሌላው ክሳት ይቀኑ ነበር። ከዚህ የከፋ ውርደት ይኖር ይሆን?

ኡሙሃኒ ተራዋ ደርሶ ሚዛኑ ላይ ወጣች። መርፌው ዞሮ ዞሮ ቆመ። ጓድ አያሌው አየውና እጁን አወናጨፈ።

«ደህና ነሽ! ውረጂ። ቀጣይ!»

«ደህና ነኝ?» አለች። ልብሷን ሰብስባ ጭኗን አሳየችው። «ይህ ነው ደህና ያደረገኝ? የመዘንከው እኮ እኔን አይደለም። የሚበላኝን ነው!»

ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። «ጭን በኪሎ ይሸጣል እንዴ?» አለ አንዱ። ተሾመ ከድንኳኑ ሮጦ መጥቶ፣ ዓይኑን እንደ ልማዱ መሬት ላይ ጥሎ፣ እባጩ ለብቻው ብዙ እንደሚመዝን፣ ሴትዮዋ ከስታ አጥንቷ ብቻ እንደቀረ አስረዳ። ጓድ አያሌው ሳያየው ሰማው።

«መመሪያው ሰው መዝን ይላል፤ እባጭ ቀንስ አይልም። ይህን ብጀምር ነገ ሁሉም እባጭ ይዞ ይመጣል። እንዲያውም እንዲህ ያለ ክብደት ያላት ሴት ለሰፈራው ትሆናለች፤ ምዕራብ ሄዳ ጫካ ትመንጥር። ውረጂ አልኩሽ!»

«አልወርድም።»

«ጓድ ተሾመ፣ አውርዳት።»

ተሾመ አልተንቀሳቀሰም። ኡሙሃኒ ሚዛኑ ላይ ቁጢጥ አለች። ሰልፉ ቆመ። መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ቀጥሎ ጩኸት መጣ። «ውረጂ እንጂ አንቺ ሴትዮ! እኛስ ሰው አይደለንም?» ከሁሉም በላይ የተሰማው ግን በጣም የምታውቀው ድምፅ ነበር። ዘነበች ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በክንዷ ታቅፋ ከኋላ ቆማለች። የልጅቱ አንገት እንደ ተቀጠፈ አገዳ ተንጠልጥሏል።

«ኡሙ፣ ውረጂ!» አለች ዘነበች እያለቀሰች። «ልጄ እጄ ላይ ልታልቅ ነው! በአላህሽ ውረጂ!»

ኡሙሃኒ ዞራ አየቻት። ያን ጊዜ በልቧ ውስጥ ምን እንዳለፈ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ቦታዋን ብትለቅ መልሳ እንደማታገኘው ታውቃለች። ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣችና ከሚዛኑ ወረደች።

«ለእሱ አልወረድኩም» አለች ወደ አያሌው እየጠቆመች። «ላንቺ ልጅ ነው። አስቀምጫት!»

ልጅቱ ተመዘነች፤ ገባች። ዘነበች ልጇን ይዛ ወደ ዳሱ ስትሮጥ፣ ኡሙሃኒ ቀጣዩ ሰው ሳይወጣ መልሳ ሚዛኑ ላይ ቆመች።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለ አያሌው።

«ልመዘን ነው። መርፌህን አንብብ።»

«አንብቤዋለሁ!»

«ደግመህ አንብበው።»

የሚቀጥለው ሽማግሌ ነበር። ኡሙሃኒ ወረደችለት፤ ሽማግሌው ተመዘነ፤ ሲወርድ እሷ ወጣች። ቀጥሎ እርጉዝ ሴት፤ ወረደችላት፤ መልሳ ወጣች። ሰልፉን አላገደችም፤ ሰው በተመዘነ ቁጥር ግን ጓድ አያሌው ያን መርፌ፣ ያን ጭን፣ ያን ፊት ከማየት አላመለጠም። ጥበቃው ሊጎትታት ቀረብ ሲል፣ «ንካኝና በዱላዬ እመዝንሃለሁ!» አለችው። ሰው ሳቀ፤ የዚህኛው ሳቅ ግን የመጀመሪያው ዓይነት አልነበረም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ደከማት። በድረዲን ስትወጣ በአንድ በኩል፣ ስትወርድ በሌላው በኩል እየደገፈ ከሚዛኑ አልተለየም። ሰልፈኛውም ከመመዘኑ በፊት ቆም ብሎ እሷን መጠበቅ ያዘ። አንዲት የዋጃ ሴት ሚዛኑ ላይ አልወጣም ብላ፣ «መጀመሪያ የእሷን ጨርስ፤ እኔ ከእሷ አልብስም» አለች።

ጓድ አያሌው ላብ በላብ ሆነ። «ጓድ ተሾመ! ይህችን ሴት አንድ ነገር በላት!»

ተሾመ ከኪሱ የሕፃናት ክንድ የሚለካበትን ባለ ቀለም ጥብጣብ አወጣ። ጥብጣቡ አረንጓዴው ለደህና፣ ቢጫው ለሚያሰጋ፣ ቀዩ ለሞት ለቀረበ ሕፃን ነው። ወደ ሚዛኑ ሄዶ የኡሙሃኒን ክንድ ያዘና ጥብጣቡን ጠመጠመው። የአርባ ዓመት ሴት ክንድ ከሕፃን ልኬት ላይ፣ ቀዩ ውስጥ አረፈ። ከዚያ ተሾመ ሰው ሰምቶበት በማያውቀው ድምፅ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ክንዷ ላይ እባጭ የለም!» አለ። «ጓድ አያሌው፣ እባጭ የሌለበትን ቦታ ይመልከቱ!»

«ይህ ለሕፃናት ነው» አለ አያሌው።

«እንግዲያው ሕፃን ናት ይበሏ!» አለች የዋጃዋ ሴት። ሰልፉ ይህን ተቀባበለው። «ሕፃን ናት! ሕፃኗን አስገባ!» ጩኸቱ መንገድ ላይ የቆሙትን የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀር አስወጣቸው። ጓድ አያሌው ሰልፉንም መንገዱንም አየ፤ የሚፈራው ጩኸት እንጂ ሞት እንዳልነበር በዚያች ቅጽበት ለሁሉም ግልጽ ሆነ። «ወደ ሕፃናቱ ዳስ ውሰዳት» ብሎ ፊቱን አዞረ። ስህተት እንደሠራ አልተናገረም፤ ይቅርታም አልወጣውም።

ኡሙሃኒ እንዲህ ሆና ከሕፃናት ጋር ለመብላት ገባች። በየቀኑ በትንንሽ አግዳሚ ላይ ከሕፃናቱ መካከል ተቀምጣ የፋፋ ገንፎና ወተት ትቀበላለች፤ በየቀኑም ትናደዳለች። «ሀገሬ ሴት አድርጋ ልታበላኝ አፍራ ሕፃን አደረገችኝ» ትላለች። ሕፃናቱን ግን ወደደቻቸው፤ መብላት የሰነፈውን፣ «ግሪሳው ሳይመጣብህ ዋጥ!» እያለች ታስፈራራዋለች። የዘነበች ልጅ ከጎኗ ተቀምጣ ቀስ በቀስ አንገቷን ቀና አደረገች። እባጩም ተሾመ እንዳለው ከመብሉ ድርሻውን አልተወም፤ ነገር ግን በዚያች ሴት ፊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእባጩ የተረፈ ደም ታየ። ተሾመ አንድ ጠዋት ክንዷን ለክቶ ጥብጣቡ ቢጫ ላይ ሲያርፍ፣ «አሁን» አለ። እርዳታ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ላይ ከበድረዲን ጋር ተጭና ወደ ደሴ ሄደች።

የደሴው ሐኪም አያትና በማግሥቱ እንደሚቆርጥ፣ እግሩም እንደማይተርፍ ነገራት። «አውቀዋለሁ፤ ተሰናብተናል» አለችው። አመሻሹ ላይ በድረዲን ከየት እንዳገኘው አላህ ይወቅ፣ በትንሽ ሳህን ሥጋ የገባበት ሾርባ ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ኡሙሃኒ ሳህኑን እንደተቀበለች ነርሷ ደረሰች።

«እናቴ፣ አይበሉም! ነገ ለሚያደነዝዝዎት መድኃኒት ሆድዎ ባዶ መሆን አለበት። ከአሁን ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ።»

ኡሙሃኒ ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳበች። ሌሎቹ ሕሙማን ቀና ቀና አሉ።

«ደግሞ ጀመራችሁ?» አለች። «አንዱ አትብይ አለኝ፤ ሌላው በልተሻል አለኝ፤ አሁን አንቺ መጣሽ? በዚህ አገር ድሃ እንዲድን ሁልጊዜ መጾም ያለበት ለምንድን ነው? እምቢ! ወላሂ እበላለሁ!»

በድረዲን በእሷና በነርሷ መካከል ቆመ። «አትነኪያትም» አለ። «አንዴ ነጥቄያታለሁ። ሁለተኛ እጄ ከእኅቴ ምግብ አይወስድም፤ የማንም እጅ አይወስድም።» ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችው፤ ተኝታ ሳለ የበላችው ወደ አፏ ቢመለስ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ሊገድላት ይችላል። በድረዲን ሰማ፤ ገባው፤ ከቦታው ግን መንቀሳቀስ አልቻለም። የሚያምነው ነገር ሁሉ አንዴ ከድቶታልና አሁን ማንን እንደሚያምን አላወቀም። እንባው በተሰረጎደው ጉንጩ ላይ ወረደ።

ኡሙሃኒ ያን ጉንጭ አየች። በዚያ ሁሉ ወራት እሷ እንድትድን አብሯት የተራበ፣ በመጠለያውም እሷ ስትበላ ከዳሱ ውጭ ቆሞ የጠበቀ፣ ዛሬም ሾርባውን ሲያመጣ ጣቱን እንኳ ያልላሰ ፊት ነበር። ሳህኑን ዘረጋችለት።

«ያዝ።»

«ምን ላድርገው?»

«ብላው።»

«እቴ፣ ላንቺ ነው እኮ... »

«ብላ አልኩህ! እዚሁ ፊቴ ቆመህ። እኔ ለዛሬ ሌሊት ብቻ እጾማለሁ፤ ራሴ ፈቅጄ ነው፤ አንተም፣ አያሌውም፣ ይህችም አልከለከሉኝም። ነገ ስነቃ የሚደግፈኝ አንድ እግርና አንድ ወንድም ነው የሚቀረኝ። ወንድሜ ደግሞ በነፋስ የሚወድቅ ከሆነ ምን ሊጠቅመኝ? አጥንቱንም እንዳትተው!»

በድረዲን ቆሞ በላ። እያለቀሰ በላ። እሷ ከትራሷ ላይ ሆና እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኗ ተከተለች፤ ሲዘገይ ትቆጣዋለች፤ ሳህኑን ጠርጎ ሲጨርስ፣ «አልሃምዱሊላህ በል እንጂ፣ ምን ያለ ያልተማረ ነው!» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ወሰዷት። በድረዲን ኮሪደሩ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ በሕይወት እንዳለች፣ እባጩም እግሩም እንደሄዱ ነገረው። ወደ አልጋዋ ሲያስገቡት ዓይኖቿ ተዘግተው ነበር፤ ከጎኗ ተቀመጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ነርሷም እሱም ጎንበስ አሉ።

«አንቺ ልጅ» አለች በደከመ ድምፅ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ነግቷል እኮ። ምግቤስ የታለ?»

«ትንሽ ይቆዩ፣ እናቴ። ለጊዜው ውሃ ብቻ።»

የኡሙሃኒ ዓይን ቀስ ብሎ ተገለጠ። «በድሬ፣ አንሣኝ» አለች። «ከዚች ልጅ ጋር ልነጋገር ነው።»